የነበልባሉ ሊቅ ሮበርት ቡንሰን

ኬሚስትሪ የሚማር ተማሪ ሁሉ የቡንሰንን ስም ያውቃል። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ከታች ቀዳዳ ያለው ቀጭን የብረት ቱቦ ተሥሎ፣ ከጫፉም ሰማያዊ ነበልባል ሲወጣ ይታያል፤ ከሥሩ ቡንሰን በርነር ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው ማን እንደ ነበረ፣ ከየት እንደ ተነሣና ምን እንደ ሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሐፍ ላይ የዚህን ታላቅ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለመጻፍ ወደድን።

ይህን ታሪክ ለመምረጥ ሌላም ምክንያት አለን። የምንኖርበት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር በጉና ተራራ ዙሪያ የተዘረጋ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር አፈሩ ከየሸንተረሩ እየተጠረገ ገሚሱ በርብና በጉማራ ወደ ጣና፣ ገሚሱም በበሽሎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ገበሬው አፈሩ ቀይ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ስስ ነው ብሎ ለይቶ ያውቀዋል። በውስጡ ያለውን እጅግ ጥቂት የሆነውን ዚንክ፣ መዳብና እርሳስ ግን ማንም በዓይኑ አይቶ፣ በእጁም ዳስሶ ሊያውቀው አይችልም። ይህን የማይታይ ነገር በነበልባል አማካይነት ለይቶ የማወቅን መንገድ ለዓለም የከፈቱት ሮበርት ቡንሰንና ጓደኛው ጉስታቭ ኪርኾፍ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን።

ሮበርት ቡንሰን በ1811 ዓ.ም. በማርች ወር መጨረሻ ጌቲንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማዪቱ ዩኒቨርስቲ የቋንቋ መምህርና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለ ነበረ ልጁ በመጻሕፍት መካከል አደገ። ከአራት ወንድማማቾችም የመጨረሻው ነበር። ዩኒቨርስቲ ከገባ በኋላ ኬሚስትሪን ያስተማረው ፍሪድሪኽ ሽትሮማየር የሚባለው ሊቅ ነው። ይህ ሽትሮማየር በ1817 ካድሚየም የሚባለውን ብረት ያገኘ ሰው ነበር። ካድሚየም ዛሬ በአፈርና በአትክልት ውስጥ ሲገኝ ሐኪሞችን ከሚያሠጉት መርዛም ብረቶች አንዱ ስለ ሆነ፣ ደቀ መዝሙሩ ቡንሰን ገና ከጅምሩ ለዚህ ሥራ የታጨ ይመስላል። በ19 ዓመቱም የዶክትርነት ማዕርግ ተቀበለ። ይህ እኛ አሁን ካለንበት ዕድሜ የሚበልጠው በአንድ ዓመት ብቻ ነው!

ከዚያ በኋላ በ1832 እና በ1833 ጀርመንን፣ አውስትሪያንና ፈረንሳይን እየዞረ፣ መንገዱንም አብዛኛውን በእግሩ እየተጓዘ፣ የዘመኑን ሊቃውንት ጎበኘ፤ ፋብሪካዎችንና የማዕድን ጕድጓዶችንም ተመለከተ። በአገራችን ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም እንደሚጓዘው የቆሎ ተማሪ፣ እሱም የሚሻውን መምህር ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በጊሰን ሊቢግን፣ በፓሪስም ጌይ ሉሳክን አገኘ። የተመለከተውን ሁሉ በአእምሮው ይዞ ወደ ጌቲንገን ተመልሶ ማስተማር ጀመረ።

መጀመሪያ ስሙን ያስጠራው ሥራ የሰውን ሕይወት የሚያድን ነበር። በዚያ ዘመን አርሰኒክ የሚባለው መርዝ በአውሮፓ ብዙ ሰው ይገድል ነበር፤ ሽታና ጣዕም ስለሌለው ክፉዎች በምግብ ውስጥ ይጨምሩታል፤ መድኃኒቱም አይታወቅም ነበር። ቡንሰን በርቶልድ ከሚባል ሐኪም ጋር ሆኖ በ1834 ዓ.ም. ከብረት የሚዘጋጅ፣ ከዝገት ጋር ወገን የሆነ ዝቃጭ መርዙን ይዞ በሆድ ውስጥ እንዳይሟሟ የሚያደርግ መሆኑን አረጋገጠ። ይህም ለብዙ ዘመን የአርሰኒክ ማርከሻ ሆኖ ኖረ።

በ1836 ካሰል ወደምትባል ከተማ ተሹሞ ሄደና ከዚያው ከአርሰኒክ ጋር ሌላ ትግል ጀመረ። ካኮዲል የሚባሉትን የአርሰኒክ ውሑዶች መመርመር ያዘ። እነዚህ ነገሮች ሽታቸው እጅግ የሚያስመልስ፣ ነፋስ ሲነካቸው በራሳቸው የሚቀጣጠሉ፣ መርዝነታቸውም የከፋ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን የሚሠራበት ብርጭቆ ፈንድቶ ስባሪው ዓይኑ ውስጥ ገባና ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ከመርዙም የተነሣ ለብዙ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ ቆየ። ያዳነው ራሱ ያገኘው የብረት ማርከሻ ነው ይባላል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃኛል ባለ ነበር፤ ቡንሰን ግን ከአልጋው ተነሥቶ ያንኑ ምርምር ለብዙ ዓመት ቀጠለና ፈጸመው። ከዚያ በኋላ በዚህ ዐይነቱ የካርቦን ውሑዶች ኬሚስትሪ አልተመለሰም። በእኛ አስተያየት ይህ ከድፍረቱ የበለጠ ጥበቡን ያሳያል፤ የጀመረውን ሳይጨርስ አልሸሸም፤ ከጨረሰ በኋላም በከንቱ በሞት ላይ አልተጫወተም።

በ1839 ማርቡርግ ወደምትባለው ከተማ ተዛወረ። እዚያም በ1841 በውድ ፕላቲኒየም ፈንታ በርካሽ ካርቦን የሚሠራ ባትሪ ፈለሰፈ። ደግሞም ብረት የሚቀልጥባቸውን ታላላቅ ምድጃዎች መርምሮ፣ በጀርመን ምድጃዎች ከእሳቱ ኃይል እኩሌታው ያህል፣ በእንግሊዝ ምድጃዎች ደግሞ ከአምስቱ አራት እጅ ያህሉ በጋዝነት ወደ ሰማይ በከንቱ እንደሚሄድ አሳየ። የፋብሪካ ጌቶች በዚህ አልተደሰቱም፤ በኋላ ግን ምክሩን ተቀብለው ብዙ ገንዘብ አተረፉ።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኛን የጉና ሥር ልጆች የሚነካን ግን የአይስላንድ ጉዞው ነው። በ1845 በአይስላንድ ደሴት ሄክላ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ፈነዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቡንሰን ከጓደኞቹ ጋር ወደዚያ ሄደ። ከፍል ውሃዎቹ መካከል ጋይዘር የሚባለው በየጊዜው ወደ ላይ እየተወረወረ የሚፈላ ነበርና፣ ምክንያቱን ለማወቅ ፍል ውሃው ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ቴርሞሜትር በገመድ እያወረደ የጕድጓዱን ሙቀት በየጥልቀቱ ለካ። ከታች ያለው ውሃ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ ከላይ ባለው ውሃ ክብደት ተጭኖ ሳይፈላ እንደሚቆይ፣ ጥቂት ከፍ ሲል ግን ጭነቱ ቀልሎለት በአንድ ጊዜ እንደሚፈላ ተረዳ። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄዶ የተጠመቀ ሰው በዚያ ጕድጓድ ላይ ጎንበስ ብሎ መለካት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ሊገምት ይችላል፤ የእኛ ዋንዛዬ እንኳ እንዲህ አይወረወርም።

ከአይስላንድ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችን ይዞ ተመልሶ እያንዳንዳቸው ከምን ከምን እንደ ተሠሩ መዝኖ ጻፈ። ከዚያም ተነሥቶ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ሁሉ ከሁለት ዐይነት ቅልጥ ድንጋይ መደባለቅ የተገኙ ናቸው ብሎ አስተማረ። ኋላ የመጡ የሥነ ምድር ሊቃውንት ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ መሆኑን ስላወቁ ይህ አሳቡ እንዳለ አልቀጠለም። የጉና ተራራም እንደ አይስላንድ ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው፤ ከ4000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራሱ ቅዝቃዜ እንጂ እሳት የሚያውቅ ባይመስልም፣ የምናርሰው አፈር ከዚያ የድሮ ቅልጥ ድንጋይ ፍርፋሪ የወጣ ነው። በውስጡ ያለው ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክና መዳብ ሁሉ መጀመሪያ ከድንጋዩ የመጣ ነው።

በ1851 ቡንሰን ወደ ብረስላው ሄዶ ጥቂት ጊዜ አስተማረ። ይህች ከተማ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። በዚያ የተገኘው ትልቁ ነገር የጉስታቭ ኪርኾፍ ወዳጅነት ነበር። ኪርኾፍ ከቡንሰን በ13 ዓመት የሚያንስ፣ አጭርና ቀጭን፣ ሒሳብን እንደ ዳዊት የሚደግም የፊዚክስ መምህር ነበር። ቡንሰን ደግሞ ረጅምና ደልዳላ፣ በእጁ ካልነካ የማያምን ሰው ነበር። ሁለቱ ሲሄዱ የሚያያቸው ሰው ይሥቅ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለት ነበር። ቡንሰን በ1852 የሃይደልበርግ ዩኒቨርስቲ ሲጠራው ወደዚያ ሄደ፤ ኪርኾፍም በ1854 እንዲመጣለት አደረገ።

በሃይደልበርግ አዲስ ቤተ ሙከራ ተሠራለት፤ የከተማው መብራት ጋዝም በቧንቧ ገባለት። በዚያን ጊዜ የነበሩት የጋዝ መብራቶች ነበልባላቸው ቢጫ፣ ጢሳቸውም ብዙ ነበር። ቡንሰን ጋዙ ከመቃጠሉ በፊት ከነፋስ ጋር ቢደባለቅ ንጹሕና ቀለም የሌለው ነበልባል እንደሚሰጥ አስቦ ለዩኒቨርስቲው መካኒክ ለፔተር ደሳጋ ነገረው፤ ደሳጋም በ1855 ሠራው። አፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑበት ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ በርነሩን ቡንሰን ብቻውን ፈለሰፈው ማለት ትክክል አይደለም፤ አሳቡ የሱ፣ እጁ የደሳጋ ነው፤ ከሱ በፊትም ሌሎች ተመሳሳይ ነገር ሞክረዋል። ይሁን እንጂ ስሙ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ቡንሰንም የባለቤትነት መብት እንዲሰጠው አልጠየቀም። ሊቅ በምርምሩ ገንዘብ ሊሰበስብ አይገባውም የሚል እምነት ነበረው።

ቀለም የሌለው ነበልባል ለምን እንዳስፈለገው መረዳት አለብን። እናቶቻችን ወጥ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲፈስ ነበልባሉ ወዲያው ቢጫ እንደሚሆን ያውቃሉ። ይህ ቢጫ ቀለም ከጨው ውስጥ ካለው ሶዲየም የሚመጣ ነው። መዳብ ነበልባልን አረንጓዴ ያደርጋል፤ ስትሮንሺየም ቀይ፣ ፖታሲየም ሐምራዊ ያደርጋል። እያንዳንዱ ብረት የራሱ ቀለም አለው ማለት ነው። ነበልባሉ ከመጀመሪያው ቢጫ ከሆነ ግን የብረቱ ቀለም አይታይም። በቡንሰን በርነር ላይ የታየ ቀለም ሁሉ ከተጨመረው ነገር የመጣ መሆኑ ይታወቃል።

ሆኖም ሁለት ሦስት ብረቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ቀለማቸው ይደባለቃል። ቡንሰን ለጊዜው ባለቀለም መስተዋት በዓይኑ ፊት እያደረገ ሊለያቸው ይሞክር ነበር። ኪርኾፍ ይህን ባየ ጊዜ ብርሃኑን በመስተዋት ፕሪዝም አሳልፎ እንደ ቀስተ ደመና ቢዘረጋው እንደሚሻል መከረው። ሁለቱም በ1859 አንድ የሲጋራ ሣጥን፣ ከአሮጌ መነጽሮች የተቆረጡ ሁለት ቱቦዎችና አንድ ፕሪዝም ይዘው ስፔክትሮስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ ሠሩ። በሱ ውስጥ ሲመለከቱ የእያንዳንዱ ብረት ብርሃን ተበትኖ በጨለማ ላይ እንደ ተሠመሩ ቀጫጭን ባለቀለም መስመሮች ሆኖ ታየ፤ የአንዱ መስመሮች ከሌላው ጋር ከቶ አይገጥሙም። አንድ ሌሊት በማንሃይም ከተማ እሳት ተነሥቶ ሳለ ሁለቱ ሊቃውንት ከሃይደልበርግ መስኮታቸው ላይ ሆነው በመሣሪያው ሲመለከቱ በቃጠሎው ውስጥ ባሪየምና ስትሮንሺየም እንዳለ አወቁ ይባላል።

ይህ መሣሪያ ምን ያህል ጥቂት ነገር ሊያሳይ እንደሚችል ለማወቅ ቡንሰንና ኪርኾፍ አንድ ሙከራ አደረጉ። ስፋቱ 60 ሜትር ኩብ ያህል በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ከመሣሪያው በራቀው ማዕዘን፣ ሶዲየም ያለበትን 3 ሚሊግራም ጨው ከወተት ስኳር ጋር አድርገው አፈነዱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሌላው ማዕዘን ያለው ነበልባል የሶዲየምን መስመር አሳየ። ቢያሰሉት ዓይናቸው ያየው ሶዲየም ከአንድ ሚሊግራም ሦስት ሚሊዮንኛ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን በአገራችን ሚዛን ለማስረዳት እንሞክር። አንዲት የጤፍ ቅንጣት ክብደቷ የሚሊግራም ሢሶ ያህል ነው። ያችን ቅንጣት አንድ ሚሊዮን ቦታ ከፋፍሎ ከዚያ አንዱን ክፋይ ማየት ማለት ነው። ከሱ በፊት በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሚዛን አልነበረም።

ይህን ሚዛን ይዞ ሊቁ ያልተመለከተው ነገር አልነበረም። ሊቲየም የሚባለው ብረት በጥቂት ድንጋዮች ውስጥ ብቻ ይገኛል ይባል ነበር፤ እሱ ግን በትምባሆ ዐመድ፣ በወተትና በሰው ደም ውስጥ ሳይቀር አገኘው። ቀጥሎም ዱርክሃይም ከምትባል ቦታ የመጣ የጠበል ውሃ ሲመረምር ከዚያ በፊት ማንም ያላያቸው ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ታዩት። አዲስ ብረት እንደሆነ ተረዳና በ1860 ስለ ሰማያዊ መስመሮቹ ሲዝየም ብሎ ሰየመው። ነገር ግን በዓይን ማየት ብቻ አልበቃውም፤ በእጅ የሚያዝ ነገር ፈለገ። ስለዚህ 44 ቶን ያህል የዚያን ውሃ አስተነነ! በ20 ሊትር ጀሪካን ብንቆጥረው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ጀሪካን ነው፤ ውሃ ከወንዝ የሚቀዱ እኅቶቻችን ይህ ስንት ጉዞ እንደሆነ ያውቁታል። ከዚህ ሁሉ ውሃ የተገኘው የሲዝየም ጨው 7 ግራም ያህል ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1861 ከአንድ የሳክሶኒ ድንጋይ ጥቁር ቀይ መስመሮች ያሉት ሌላ አዲስ ብረት አገኘ፤ ስሙንም ሩቢዲየም አለው። በዚሁ መንገድ ሌሎች ሊቃውንት ታሊየምንና ኢንዲየምን አገኙ።

አሁን የታሪኩ ዋና ነገር ወደ ሆነው ወደ ኪርኾፍ ሙከራ እንመለስ። በፀሐይ ብርሃን ኅብረ ቀለም ውስጥ ብዙ ጥቁር መስመሮች እንዳሉ ፍራውንሆፈር የሚባል ጀርመናዊ ቀደም ብሎ አይቶ ከ500 በላይ ቆጥሯቸው ነበር፤ ምን እንደሆኑ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ከመስመሮቹ አንዱ የሶዲየም ቢጫ መስመር በሚወጣበት ቦታ ላይ በትክክል ይውላል። ኪርኾፍ በፀሐይ ብርሃን መንገድ ላይ የጨው ነበልባል ቢያኖር ቢጫው ብርሃን ጥቁሩን መስመር የሚሞላው መሰለው። ብርሃኑ ደካማ ሲሆን እንደዚያ ሆነ። ብርሃኑን ሲያበረታው ግን ጥቁሩ መስመር ይብስ ጠቆረ። ኪርኾፍ በዚህ ተደንቆ ሲያሰላስል ምክንያቱን አገኘው፤ ነበልባል ውስጥ ያለ ሶዲየም የሚሰጠውን ያንኑ ብርሃን ራሱ መልሶ ይውጠዋል።

ይህን በክራር እንመስለዋለን። በአንድ ቤት ውስጥ እኩል የተቃኙ ሁለት ክራሮች ተቀምጠው የአንዱ አውታር ሲመታ የሌላው እኩያው አውታር ብቻ ማንም ሳይነካው ይርገበገባል፤ ሌሎቹ አውታሮች ዝም ይላሉ። ሶዲየምም የራሱን ቅኝት ብቻ ይሰማል፤ ሲሰማም ከብርሃኑ ላይ ያንኑ ይቀበላል። በዚህ ምክንያት በፀሐይ ከባቢ ውስጥ ሶዲየምና ብረት እንዳሉ ታወቀ። ሰው ፀሐይ ላይ ሳይወጣ ፀሐይ ከምን እንደ ተሠራች አወቀ። የሎንዶን የሊቃውንት ማኅበርም ለቡንሰን በ1860 ኮፕሊ የሚባለውን ታላቅ ሜዳሊያ ሰጠው፤ በ1877 ደግሞ ዴቪ የተባለውን ሜዳሊያ ለሁለቱም በአንድነት ሰጣቸው።

ብርሃንን የመዋጥ ነገር ግን ወደ ምድር አፈር ተመልሶ ለመምጣት ዘጠና ዓመት ያህል ፈጀበት። በ1952 በአውስትራልያ በሜልበርን ይሠራ የነበረው አለን ዎልሽ የሚባል የእንግሊዝ አገር ተወላጅ ሰዎች በነበልባል ውስጥ የሚወጣውን ብርሃን ብቻ ስለምን ይለካሉ፣ የሚዋጠውን ቢለኩ አይሻልምን የሚል አሳብ መጣለት፤ በ1955ም ጽፎ አወጣው። ሥራው እንዲህ ነው። አፈሩ ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ ተወስዶ ይደርቃል፤ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋል፤ ተፈጭቶ ይመዘናል፤ በብርቱ አሲድ ይቀቀልና ይጣራል። ከዚያ ፈሳሹ እንደ ጉም ተበትኖ ከ2000 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ የአሴቲሊን ነበልባል ውስጥ ይገባል። ዚንክ የሚፈለግ ከሆነ ከዚንክ የተሠራ መብራት ከወዲያ በኩል ይበራል። በነበልባሉ ውስጥ ዚንክ ካለ የመብራቱን ብርሃን እንደ መጠኑ ይውጣል፤ የጎደለው ብርሃን የዚንኩ ልክ ነው። ለእርሳስ የእርሳስ መብራት፣ ለመዳብ የመዳብ መብራት ይለወጣል። የወንዝና የሐይቅ ደለልም በዚሁ መንገድ ይመረመራል፤ በደለል ውስጥ ልሙ ጭቃ ከአሸዋው ይልቅ ብረቶችን ይዞ ስለሚገኝ ወንፊቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መሣሪያው ግን ብቻውን አይታመንም። አስቀድሞ መጠናቸው የታወቀ ፈሳሾች እየተለኩ ከነሱ ጋር ይተያያል። በቤተ ልሔም የድጓ መምህር ነኝ የሚል ሁሉ ዜማውን ከምስክር ቤቱ ዜማ ጋር አስተያይቶ ካላስመሰከረ እንደማይታመን ነው። ይህ ሥርዓት ላደግንበት አገር አዲስ አይደለም።

እንዲህ ያለው ልኬት በአገራችን ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ሩቅ ሳንሄድ ማሳየት እንችላለን። በአዲስ አበባ ከቆዳ ፋብሪካዎችና ከሌሎችም ሥራ ቤቶች የሚወጣው ፍሳሽ በአቃቂ ወንዞች ይወርዳል፤ በወንዞቹ ዳር በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል። ተመራማሪዎች አፈሩንና አትክልቱን በዚህ መሣሪያ ለክተው ክሮሚየምንና ካድሚየምን የመሳሰሉ ብረቶች እንዳሉበት ጽፈዋል። ጎመኑ በገበያ ላይ ሲታይ ግን ለምለም ነው፤ ዓይን ምንም አይነግርም። በገጠር ደግሞ ጭንቀቱ የመብዛት ሳይሆን የማነስ ነው። ከ2012 ጀምሮ የተካሄደው የኢትዮጵያ የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ ወረዳዎች ዚንክና ቦሮን የመሳሰሉት እንደሚጎድሉ አሳይቷል። በ2021 የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ የተሰበሰበ እህል መርምሮ፣ ጤፉም ሆነ ስንዴው ዐይነቱ አንድ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ዚንክና ሴሌኒየም እንደ በቀለበት ቦታ እንደሚለያይ ገልጿል። ይህኛው ጥናት የተሠራው ከነበልባል በሚበልጥ ሙቀት በሚሠራ አዲስ መሣሪያ ነው። ዚንክ ያነሰው ልጅ ቁመቱ አያድግም፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ልጁ እንጀራ ጠግቦ በልቶ ሊሆን ይችላል። በጋይንትና በስማዳ ረኀብ የሚታወቀው እህል ሲጠፋ ነው፤ እህል ሞልቶ ሳለ በውስጡ ያለ ረኀብ ግን እንደ አርሰኒክ ሽታ የለውም።

ወደ ቡንሰን እንመለስ። እሱ በሃይደልበርግ በአንድ የጤፍ ቅንጣት ሚሊዮንኛ ክፋይ ላይ ዓይኑን ተክሎ በነበረበት በ1860ዎቹ ዘመን፣ በእኛው አገር በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሌላ የብረት ሥራ ይሠራ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ አገር የመጡትን የሚስዮን ባለ እጆች መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ፤ እነርሱም ከብዙ ሙከራ በኋላ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ ንጉሡ በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አስጐተቱት። ሁለቱም የእሳትና የብረት ሥራ ነው። አንደኛው በተራራ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ሌላኛው ግን በየቤተ ሙከራው ይሠራበታል።

የቡንሰን ጠባይ በተማሪዎቹ ዘንድ ብዙ ይወራለት ነበር። ሚስት አላገባም። ጣቶቹ ከልምድ ብዛት እሳት የማይሰማቸው ስለ ሆኑ የጋለ ብርጭቆ በእጁ ይይዝ ነበር። ልብሱ ዘወትር የመድኃኒት ሽታ ይሸት ነበርና፣ የአንድ ባልደረባው ሚስት ሽማግሌው ደግ ሰው ስለሆነ ልትስመው እንደምትወድ፣ አስቀድማ ግን ልታጥበው እንደሚያስፈልግ ተናገረች ይባላል። ሲያስተምር ስለ ራሱ ግኝቶች ሲናገር ያገኘኋቸው እኔ ነኝ አይልም ነበር። ተማሪዎቹ ከሩቅ አገር ይመጡ ነበር፤ ከእንግሊዝ ሮስኮና ቲንዳል ከሱ ተምረዋል፤ የሩስያው ሜንዴሌቭም በወጣትነቱ ወደ ሃይደልበርግ መጥቶ ነበር። በርሊን ትልቅ ሹመት አቅርባ ብትጠራውም እንቢ ብሎ በሃይደልበርግ ቀረ።

በ1874 ደግሞ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ለብዙ ጊዜ የደከመበት የኅብረ ቀለም ምርምር ጽሑፍና ሥዕል በጠረጴዛው ላይ ሳለ ተቃጠለ። በጠረጴዛው ላይ የነበረ ውሃ የሞላበት ብርጭቆ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ወረቀቱን አቀጣጠለው ይባላል። ቡንሰን 63 ዓመቱ ነበር፤ ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው አንሥቶ ሠራና በሚቀጥለው ዓመት አሳተመው። ሁለት ጊዜ እሳት ጎዳው፤ ሁለት ጊዜም ወደ እሳቱ ተመለሰ።

ኪርኾፍ በ1868 እግሩን ታሞ በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሆኖ ነበር፤ በ1875 ወደ በርሊን ተዛውሮ በ1887 ዓ.ም. በዚያ ሞተ። ቡንሰን በ1889፣ በ78 ዓመቱ፣ ማስተማሩን ተወ። ከዚያ በኋላ በወጣትነቱ ወደ ወደደው ወደ ድንጋይና ወደ ተራራ ጥናት ተመለሰ፤ ጆሮው እየደነቆረ፣ በቀረችውም አንዲት ዓይኑ እያነበበ ኖረ። ሮበርት ቡንሰን በ1899 ዓ.ም. ኦገስት 16 ቀን በ88 ዓመቱ በሃይደልበርግ ዐረፈ፤ በዚያችው ከተማ በተራራ ላይ ባለው መቃብር ተቀበረ።